ሶፋው አርጅቷል ተብሎ በር አይዘጋ

የንባብ ክፍል፦ 2ኛ ነገሥት 4፥8–10፤ ያዕቆብ 2፥1–4

ሱነማዊቷ ሴት ለነቢዩ ለኤልሳዕ ክፍል ስታዘጋጅ ቃሉ የሚዘረዝረው ዕቃ አራት ብቻ ነው፦ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ። ሴትዮዋ ባለጠጋ ነበረች፤ ከዚያ በላይ ማድረግ ትችል ነበር። ቃሉ ግን ወንበሩ ከምን እንጨት እንደ ተሠራ፣ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደ ለበሰ አይነግረንም። የሚነግረን ለማን እንደ ተዘጋጀ ነው።

ይህን ክፍል ሳነብ የእኛ ሳሎን ይታወሰኛል። ከገርጂ እስከ ጎሮ፣ ከሰሚት እስከ አያት ባሉት ኮንዶሚኒየሞች በር ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው ሶፋው ላይ ነው። እንግዳው "ግቡ፣ አረፍ በሉ" የሚባለው እዚያ ነው። ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ የታመመ የሚጋደመው፣ ልጅ የሚያጠናው፣ የቤት ኅብረቱ የሚጸልየው እዚያው ነው። ስለዚህ ሶፋው ሲቀደድ የቤቱ ሰው ገበናው የተገለጠ ይመስለዋል።

የእኛ የቤት ኅብረት ረቡዕ ማታ በየተራ በየቤቱ ይሰበሰብ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ተራው ወደ ሁለት ቤት ጠበበ። አንዱ "ውሃ ጠፍቷል" ይላል፤ ሌላው "ቤቴ አይመችም" ይላል። ባለቤቷን በሞት ካጣች ሁለት ዓመት የሆናት አንዲት እህታችን ግን እውነቱን በግልጽ ነገረችን፦ "ሶፋው ተሰብሯል፤ ስፖንጁም ወጥቷል። እናንተን የት ላስቀምጣችሁ? ዕቁቤ ሲወጣልኝ አዲስ እገዛለሁ፤ እስከዚያ ታገሡኝ።"

የዕቁቡ ገንዘብ የታሰበው ለሁለት ልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። ከለቅሶው ሰሞን ወዲህ ደግሞ ወደ ቤቷ የገባ ሰው እምብዛም የለም። እንግዲህ በፊቷ የነበሩት ሁለት መንገዶች ናቸው፦ ወይ የልጆቿን ክፍያ በሶፋ መለወጥ፣ ወይ በሯን ዘግታ ለብቻዋ መቅረት። ሁለቱም ከባድ ነው።

ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው ሲናገር፣ ሰውዬው አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ወጪውን ማስላት እንዳለበት አስተምሯል (ሉቃስ 14፥28)። እኛም ከእርሷ ጋር በዚያው በተሰበረው ሶፋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለን አሰላን። ቆራሌው ለአሮጌው ሊሰጣት ያለው ዋጋ ለአንድ ትራስ ጨርቅ እንኳ አይበቃም። አዲሱ የብዙ ወር ደመወዝ ነው። አሮጌውን ለማደስ የሚያስፈልገው ግን ስፖንጅ፣ ጨርቅ፣ ኮላ፣ ሚስማርና የሁለት ቅዳሜ ጉልበት ሆነ። መርካቶ ምናለሽ ተራን ያየ ሰው ይህ አያስገርመውም፤ እዚያ "አበቃለት" የተባለው ዕቃ ሁሉ ሌላ ዕድሜ ሲያገኝ ይውላል።

እኔ አናጢ አይደለሁም። ነገር ግን አባቴ የጠፍር አልጋ ሲያጠብቅ እያየሁ ነው ያደግሁት። ጠፍሩ ሲላላ አልጋው አይጣልም፤ ይጠበቃል። የሶፋም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

መጀመሪያ ሶፋውን ገልብጠን ከሥሩ ያለውን ጨርቅ አነሣንና እንጨቱን ፈተሽን። ዘዴው እግሩንና ክንዱን ይዞ መነቅነቅ ነው። የሚንቀሳቀሰው ከመገጣጠሚያው ከሆነ ይድናል፤ እንጨቱ ራሱ በነቀዝ ተበልቶ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ግን ገንዘብ ማፍሰስ ትርፉ ድካም ነው። ስፌቱንም በባትሪ ብርሃን አየን፤ ትኋን መደበቅ የሚወደው እዚያ ነውና። የእርሷ ሶፋ አጥንቱ ጤነኛ ነበር። ከላላው መገጣጠሚያ አሮጌውን ኮላ ፍቀን፣ አዲስ ቀብተን፣ እስኪደርቅ በገመድ ጥብቅ አድርገን አሳደርነው።

ቀጥለን ልብሱን ገፈፍን፤ በካቻቢቴ እያነሣን፣ በፒንሳ እየነቀልን፣ ሚስማሩን አንድ በአንድ። አሮጌው ጨርቅ ወዲያው አይጣልም። እያንዳንዱ ቁራጭ "ጀርባ"፣ "የቀኝ ክንድ" ተብሎ በጠመኔ ይጻፍበታል፤ አዲሱ ጨርቅ የሚቆረጠው በእርሱ ልክ ነው።

ስፖንጁን ስናነሣ ከሥሩ ብይ፣ ሳንቲምና የእርሳስ ቁራጭ ወጣ። አንድ ቁልፍም ወጣ። ኮንዶሚኒየሙ ሳይደርሳቸው በፊት ተከራይተው ይኖሩበት የነበረው ቤት ቁልፍ ነው፤ ባለቤቷ ብዙ ቀን ፈልጎ ያጣው። እህታችን ቁልፉን ይዛ ዝም አለች። ከዚያ ስለ እርሱ ማውራት ጀመረች፤ ከለቅሶው ወዲህ እንደዚያ ስታወራ ሰምተናት አናውቅም። ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ቆመ። ማንም አልቸኮለም።

ከመቀመጫው ሥር ያለው፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠው ማሰሪያ ረግቦ ነበር። የረገበውን ሳብን፣ የተበጠሰውን ተካን፣ አግድምና ቁልቁል አቋልፈን መታነው። የመቀመጫው ስፖንጅ በእጅ ሲጫኑት ተመልሶ አይነሣም፤ ስለዚህ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው አዲስ ተካነው። የጀርባው ግን ገና ደኅና ስለ ነበር ገልብጠን መልሰን አስገባነው። ወጪ የሚቀንሰው እዚህ ላይ ነው፤ ደኅናው ሳይነካ የሞተው ብቻ ሲለወጥ። ጨርቁ ሲለብስ ከእያንዳንዱ ጎን መካከል ይጀመራል፤ አንዱን ጎን መትቶ ተቃራኒውን ስቦ መምታት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ማዕዘኖቹ መሄድ ነው። ከአንድ ዳር ጀምሮ የሚጎትት ሰው ጨርቁ ይሸበሸብበታል። የትራሶቹን ልብስ የሰፈር ልብስ ሰፊ ዚፕ አስገብቶ ሰፋልን፤ ልጆች ሲያቆሽሹት ወልቆ ይታጠባል።

መካከል ላይ አንድ ወንድም "ይህን ሁሉ ከምንደክም ጥሩ የሶፋ ልብስ ገዝተን ብናለብሰውስ?" ብሎ ነበር። ለአንድ ምሽት ያምራል፤ ሰው ሲቀመጥበት ግን ይሰምጣል። ጌታ ኢየሱስ ፈሪሳውያንን ከጽዋው ውጭ ይልቅ ውስጡን አስቀድመው እንዲያጠሩ የነገራቸው (ማቴዎስ 23፥26) ይህን ዓይነቱን ሥራ ስለሚያውቅ ይመስለኛል። እኛም "ደኅና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን" የሚል ልብስ በላያችን እንደርባለን፤ ከሥሩ ግን የረገበ ነገር አለ። እህታችንን ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ሰላም ብለናታል። ልቧ የተከፈተው ግን ሶፋው ተገልብጦ፣ ሳሎኗ በአቧራና በስፖንጅ ፍርፋሪ ተሞልቶ ሳለ ነው። ገበናችን ሲታይ የማይሸሹ ወንድሞችና እህቶች ያስፈልጉናል።

የቦሌ አማኞች የሳሎንን ዋጋ ከእኛ በፊት ያውቁታል። በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፤ የአምልኮ ቦታዎቿና ንብረቷ ተወሰዱ፣ መሪዎቿም ታሰሩ። የቦሌው የአምልኮ ቦታም ከተዘጉት አንዱ ነበር። ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ በስውር መሰብሰብ ጀመሩ። ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ወድቆ በግልጽ ስትወጣ ግን ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ያ ሁሉ ፍሬ ያፈራው በሰው ሳሎን፣ በሰው አልጋ ጠርዝ፣ በበርጩማና በመሬት ላይ ነው። ያኔ ቤት የሚመረጠው በሶፋው አልነበረም፤ የሚከፍት ሰው በመኖሩ ነበር። ስንቱ ቤት የታሰረበትን በር እኛ በስፖንጅ ምክንያት ብንዘጋው ምን እንላለን?

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ሶፋው ከታደሰ በኋላም ሌላ ፈተና አለ። በላስቲክ ይሸፈናል፤ ልጆች "እንዳትነኩት!" ይባላሉ፤ የክብር እንግዳ እስኪመጣ ድረስ ማንም አይቀመጥበትም። ያዕቆብ በመልእክቱ የወርቅ ቀለበት ላደረገው መልካሙን ስፍራ ሰጥተው ድኻውን ከእግራቸው መረገጫ በታች የሚያስቀምጡትን ገሥጿል። ጥሩ ወንበር ለማን እንደሚሰጥ የሚመለከት ጥያቄ እንግዲህ የእምነት ጥያቄ ነው። ሶፋችሁ ቢታደስ የጽዳት ሠራተኛዋ ትቀመጥበታለች? ከገጠር የመጣ ዘመድ በአቧራማ ጫማው አረፍ ይልበታል?

ወዳጄ ሆይ፣ ምናልባት አንተም "ቤቴ ሲስተካከል እጋብዛለሁ" እያልህ ወራት አልፈው ይሆናል። አንቺም ሶፋሽን እያየሽ የጸሎት ቡድኑን ወደ ሌላ ቤት መርተሽ ይሆናል። ማደስ መልካም ነው፤ በእጃችን ያለውን መንከባከብ ከጌታ የተቀበልነው መጋቢነት ነው። ነገር ግን ሰው እስከዚያ አይጠብቅ። ምንጣፍ አንጥፋችሁ፣ በርጩማ ከጎረቤት ተውሳችሁ ክፈቱ። ምናልባት የምታድሱበት እጅ የሚመጣው በዚያው በር ነው።

ጸሎት፦ አባት ሆይ፣ የሰጠኸንን ቤት ከነጉድለቱ ለአንተና ለሰዎችህ እንከፍታለን። ከማያስፈልግ ዕዳ ጠብቀን። በእጃችን ያለውን የምናድስበት ብልሃትና ትዕግሥት ስጠን። ብቻቸውን የቀሩትን አሳየን፤ ከእነርሱም ጋር ቁጭ እንድንል እርዳን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።