ዘመን የመን ሲሆን

ኪቦርድ ላይ «ኤ» የተጻፈበትን ቁልፍ ስትጫኑ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው «ኤ» አይደለም። የሚሄደው የቦታ ቁጥር ነው፤ «እዚህ ቦታ ላይ ያለው ቁልፍ ተጫነ» እንደ ማለት። ያ ቦታ የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚወስነው ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው። ቁልፉ ላይ የታተመው ለእኛ ዓይን ነው፣ ማሽኑ አያነበውም። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ኪቦርድ ተበላሸ ብሎ ሊያስቀይር ይችላል። በወጣቶች ኅብረታችን ያለች አንዲት እህት ለጥቂት ነው የተረፈችው።

ላፕቶፑን የላኩላት ጀርመን አገር የሚኖሩት አክስቷ ናቸው። ራሳቸው የተገለገሉበት ነው፤ ሰው ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ ደረሳት። እዚህ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ተጫነላት፣ ችግሩም ከዚያ ወዲህ ጀመረ። የመዘምራኑን ግጥም በአማርኛ የምትጽፈው እሷ ናት። «ዘመን» ብላ ትጽፋለች፣ «የመን» ይወጣል። «እግዚአብሔር» «እግዪአብሔር» ይሆናል። የኢሜይሏን «አት» ምልክት ኪው ላይ ታትማ እያየቻት ብትጫን አትመጣም፤ ከድሮ ኢሜይል ኮፒ እያደረገች ነበር የምትለጥፋት። አንድ ጠጋኝ አይቶ «ኪቦርዱ ሞቷል፣ ይቀየር» አላት። ዋጋውን ሰምታ ከትራንስፖርት ገንዘቧ መቆጠብ ጀመረች። ከሁሉ የከበዳት ግን አክስቷ በደወሉ ቁጥር «እየሠራልሽ ነው?» ሲሏት የምትመልሰው ነበር። «አዎ» ትላለች። ስልኩ ሲዘጋ ግን ደስ አይላትም።

እኔ ጠጋኝ አይደለሁም። ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ስታሳየኝ የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው?

«አዎ ጋሼ፣ ዜድ ሁሌም ዋይ ነው፤ ዋይም ሁሌም ዜድ።»

ሻይ የፈሰሰበት ኪቦርድ እንዲህ አይሳሳትም። አንዱ ቁልፍ ይደነዝዛል፣ ሌላው ሳይነኩት ይደጋግማል፣ አንዱን ስትጫኑ ሦስት ፊደል ይወጣል፤ ዛሬ የሠራው ነገ እምቢ ይላል። ሁለት ፊደሎች ሳያዛንፉ ቦታ ከተለዋወጡ ግን ነገሩ ብልሽት ሳይሆን ሴቲንግ ነው። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ጄ፣ ኬ፣ ኤል ስትጫኑ 1፣ 2፣ 3 ከወጣም እንዲሁ ነው፤ ነም ሎክ በርቶ ነው፣ አጥፉት። (አስተማሪ ነኝና «አሁን ወደ መንፈሳዊ ምሳሌው ሊገባ ነው» ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ አትድከሙ፤ የማወራው ስለ ኪቦርድ ነው።)

የጀርመኖች ኪቦርድ እኛ ከለመድነው ይለያል። ጀርመንኛ ዜድን አብዝቶ ይጠቀማል፣ ዋይን ግን እምብዛም። በእነርሱ ኪቦርድ ዜድ ላይኛው ረድፍ ላይ በቲ እና በዩ መካከል ተቀምጣለች፤ ዋይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ጥግ ወርዳለች። ፈረንሳዮች ደግሞ ኤን ከኪው ጋር አለዋውጠዋል። የእኛው አቀማመጥ በ1874 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የጽሕፈት መኪና የወረደ ነው። እንግዲህ በላፕቶፑ ቁልፎች ላይ የታተመው ጀርመንኛ፣ አዲሱ ዊንዶውስ የሚያውቀው የአሜሪካን አቀማመጥ፤ ሁለቱ አልተገናኙም። ሺፍት ይዛ 2 ቁጥርን እንድትጫን ነገርኳት። ቁልፉ ላይ ያለው የጥቅስ ምልክት ነው፤ የወጣችው ግን ያቺ ስትፈልጋት የከረመች «አት» ናት። ደጋግማ ተጫነቻት፣ መስመሩ እስኪሞላ።

ጠጋኙን ብዙ አልፈርድበትም። የተለመደውን ፈተና አድርጓል፤ ሌላ ኪቦርድ በዩኤስቢ ሰክቶ ጻፈ፣ በትክክል ወጣ፣ ስለዚህ የላፕቶፑ ሞቷል አለ። ይሁን እንጂ የሰካው ኪቦርድ ላይ የታተመው የአሜሪካን አቀማመጥ ስለሆነ ነው የተስማማው። ቁልፎቹን አንድ ጊዜ ልብ ብሎ ቢያይ፣ ኦ ላይ ሁለት ነጥብ የተቀመጠባት ፊደል ትነግረው ነበር።

ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የጀርመንን ኪቦርድ መጨመር ይቻላል፤ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ ስፔስ በመጫን ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር ነው። የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ብቻ ለሆነ ሰው ይህ ይበቃዋል። እሷ ግን ብዙ የምትጽፈው በአማርኛ ነው፣ የአማርኛ መጻፊያዋም የተሠራው በአሜሪካኑ አቀማመጥ ነው። ስለዚህ ውስጡን እንዳለ ትተን ውጭውን ቀየርን። ከፋርማሲ የተገዛ ነጭ ፕላስተር በመቀስ ቆርጠን፣ በእስክሪብቶ ዜድ እና ዋይ ጽፈን ለጠፍንባቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተላጠ፤ ጣቷ ግን ለምዶታል።

አክስቷ ሲደውሉ በዚህ ጊዜ ጠያቂዋ እሷ ሆነች፦ «ዜድ ቲ አጠገብ ሆና እንዴት ለመዱት?»

«ማን ለመደው?» አሏት እየሳቁ። «እኔ እስከ ዛሬ በአንድ ጣት እየፈለግኩ ነው የምጽፈው።»