ፈቃድና ምርቃት

አንድን መጽሐፍ ያነበቡ ወይም አንድን ፊልም የተመለከቱ ሰዎች በፍርዳቸው መለያየታቸው አዲስ ነገር አይደለም። አንዱ የሳቀበትን ሌላው ይነቅፈዋል፤ ሽማግሌው ያመሰገነውን ወጣቱ ያፌዝበታል። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ክርክር ቡናው ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ቆይቶ ይረሳል። አንዳንድ ጊዜ ግን ተከራካሪዎቹ ስለ ፊልሙ የሚነጋገሩ እየመሰላቸው ስለ ገዛ ቤታቸው ሲነጋገሩ ይገኛሉ። እኛም ዛሬ ለአንባብያን ለማቅረብ ያሰብነው እንዲህ ያለውን ክርክር ነው።

ፊልሙ «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» የሚባለው የሕንድ ፊልም ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ልበ ደፋሩ ሙሽራይቱን ይወስዳል» እንደ ማለት ነው። በጥቅምት ወር 1988 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1995፣ በሕንድ አገር ለሕዝብ ሲቀርብ አዘጋጁ አዲትያ ቾፕራ ገና የ24 ዓመት ወጣት ነበረ፤ ፊልሙም የመጀመሪያ ሥራው ነው። ወጣቱን ራጅን ሆኖ የሚሠራው ሻሩክ ካን፣ ልጃገረዲቱን ሲምራንን ሆና የምትሠራው ካጆል ናት። አምሪሽ ፑሪ የሲምራንን አባት፣ ፋሪዳ ጃላል ደግሞ እናቷን ሆነው ይጫወታሉ።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የሲምራን አባት ባልዴቭ ሲንግ በሎንዶን ከተማ ሱቅ ከፍቶ ብዙ ዓመት የኖረ፣ ልቡ ግን ከተወለደበት ከፑንጃብ ያልተነሣ ሰው ነው። ልጁን ገና በሕፃንነቷ በአገር ቤት ላለው ለወዳጁ ልጅ አጭቷታል። ሲምራን ዓይኑን አይታው ከማታውቀው ሰው ጋር ከመጋባቷ በፊት አንድ ወር ብቻ አውሮፓን እንድትጐበኝ አባቷን ትለምናለች፤ እርሱም ይፈቅድላታል። በዚሁ ጉዞ ላይ ከራጅ ጋር ትገናኛለች። ራጅ የባለጠጋ ልጅ፣ ቀልደኛና ተንኰለኛ ነው፤ ከፈተና ሲወድቅ እንኳ አባቱ መውደቅ የቤተ ሰባችን ልማድ ነው ብሎ የሚኰራበት ልጅ ነው። ሁለቱ ባቡር አምልጧቸው በስዊስ አገር ብቻቸውን ይቀራሉ፤ የፊልሙም ሳቅ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ወደ ሎንዶን ሲመለሱ ግን ሲምራን ራጅን መውደዷን ለእናቷ ስትነግር አባቷ ይሰማል፤ በቍጣም ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ፑንጃብ ይሄዳል። ራጅም ተከትሎ ይደርስና ከሠርገኞቹ መካከል ይገባል። ሲምራን አብረን እንጥፋ ስትለው እምቢ ይላል፤ የአባቷን ፈቃድ ሳያገኝ እንደማይወስዳት ይነግራታል። እናቷ እንኳ ምስጢሩን ካወቀች በኋላ ጌጧን አውጥታ ይህን ይዛችሁ ሂዱ ስትላቸው አይቀበልም። በመጨረሻ አባትየው ነገሩን ደርሶበት ራጅን በጥፊ መትቶ ያባርረዋል። በባቡር ጣቢያም እጮኛውና ሰዎቹ ይደበድቡታል፤ ባቡሩም ይንቀሳቀሳል። አባትየው የልጁን እጅ አጥብቆ ይዞ ቆይቶ በመጨረሻ ይለቃታል፤ እርስዋም ሮጣ ትሳፈራለች።

ከ3 ሰዓት በላይ የሚፈጀውን ይህን ፊልም ከአንድ ባልደረባችን ቤት ተሰብስበን በካሴት ያየነው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። በዚያ ምሽት ከተሰበሰቡት መካከል ጡረታ የወጡ አንድ የመንግሥት ሹም፣ አንዲት መምህርት፣ የባለቤቱ የወንድም ልጅ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የቤቱ እመቤትና እኛ ነበርን።

ክርክሩን የከፈተው ተማሪው ነው። «ጋሼ፣ ይህ ልጅ ልበ ደፋር አይባልም» አላቸው ሹሙን፤ «ልጂቱ እንሂድ ብላዋለች፤ እናትየዋም ወርቁን ሰጥታዋለች፤ ታዲያ ምን ይጠብቃል? ጠብቆ ያገኘው ዱላ ብቻ ነው!» ሁላችንም ሳቅን። ሹሙ ግን፣ «አንተ ልጅ፣ የሰው ልጅ ይዞ መጥፋትማ ፈሪም ያውቅበታል። በተዘጋ በር ፊት ቆሞ ክፈቱልኝ ማለት ነው ወንድነት። እኔ ይህን ፊልም ለወንዶች ልጆቼ በሙሉ አሳያቸው ነበር» ብለው መለሱለት።

የቤቱ እመቤት በሌላ ነገር ተቈጥተው ነበር። በስዊስ አገር ሲምራን መጠጥ ጠጥታ ካደረችበት ሌሊት በኋላ ራጅ በመካከላችን ነገር ተፈጽሟል ብሎ ያታልላታል፤ ስታለቅስ ጊዜ ቀልዴን ነው ብሎ ክብሯን እንዳልነካ ይምልላታል። ብዙ ተመልካች ይህን የራጅ ጨዋነት ምስክር አድርጎ ይወስደዋል። እመቤቲቱ ግን፣ «እርሱስ ቀለደ ይሁን፤ እውነቱን እስኪነግራት ድረስ ያለቀሰችው ለቅሶ ቀልድ ነውን?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ ያን ጊዜ የመለሰ አልነበረም፤ እኛም እስከ ዛሬ ድረስ መልስ አላገኘንለትም።

መምህርቲቱ እስከዚህ ድረስ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ ነበር። ኋላ ግን እርስዋ ራስዋ አባቷ ለመረጡላት ሰው ልትሰጥ ስትል ከወደደችው ሰው ጋር ከቤት ወጥታ፣ በማዘጋጃ ቤት ፈርማ የተጋባች መሆንዋን ነገረችን። «አባቴ ከዚያ በኋላ 9 ዓመት ኖሩ። አንድ ቀን እንኳ ሰላምታ አልላኩብኝም። መታመማቸውን ሰምቼ ስደርስ አንደበታቸው ተዘግቶ ነበር። ፊርማ በአንድ ቀን ይገኛል፤ ምርቃት ግን ዘመኑ ካለፈ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ልጁ ወርቁን ሲመልስ እኔ አልሳቅሁበትም» አለች።

ተማሪው አፈር ብሎ፣ «ታዲያ እትዬ፣ ባይወጡ ይሻል ነበር ማለት ነው?» ሲል ጠየቃት።

«አላልሁም» አለችው። «ባልወጣ ኖሮ የሚመርቁት እኔን አልነበረም፤ የራሳቸውን ቃል ነበር።»

ከዚህ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ሹሙ የመጨረሻ ልጃቸውን ለማጨት በዚያው ወር ሽማግሌ እንደ ተላከባቸው ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም። ጥቂት ቆዩና፣ «እስቲ ያንን የእናትየዋን ንግግር መልሱልኝ» አሉ። ካሴቱ ተመልሶ እንደገና ተሰማ። ከዚያ በኋላ በቤታቸው የሆነውን እዚህ አንተርከውም፤ የቤታቸው ነገር ነውና።

ሹሙ እንደገና ሊሰሙት የፈለጉት ንግግር ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን እኛም እናምናለን። እናትየዋ ለልጅዋ የምትነግራት የራስዋን ታሪክ ነው። በልጅነቷ ወንድና ሴት እኩል ናቸው ተብሎ ተነግሯት ነበር፤ ስታድግ ግን ወንድሞቿ እንዲማሩ እርስዋ ትምህርቷን ተወች። ከዚያ በኋላ እንደ እኅት፣ እንደ ሚስት፣ እንደ እናት ሆና ስትሰጥ ኖረች። ሲምራን ስትወለድ ልጄ እንደ እኔ አትሆንም ብላ ማለች። አሁን ግን ሴት ለመማል እንኳ መብት የሌላት መሆኑን እንደ ረሳች ተናግራ፣ ልጂቱ ደስታዋን እንድትተው ትለምናታለች። ኋላም ጌጧን አውጥታ ሂዱ የምትለው ይህችው እናት ናት። ያንን መሐላ ዘግይታም ቢሆን ልትፈጽመው የሞከረችው በዚህ ነው።

የሕግን ነገር ያነሣን እንደ ሆነ፣ ለራጅና ለሲምራን መንገዱ የተዘጋ አልነበረም። በሕንድ አገር የ1954ቱ የልዩ ጋብቻ ሕግ 21 ዓመት የሞላው ወንድና 18 ዓመት የሞላት ሴት የወላጅን ፈቃድ ሳይጠይቁ በመንግሥት ሹም ፊት እንዲጋቡ ይፈቅዳል። በእኛም አገር ይህ ፊልም ከመታየቱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት በአንቀጽ 34 ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም ይህንኑ አጽንቶ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጎታል። ሆኖም ሕግ የሚሰጠው ፈቃድን ነው፤ ምርቃትን ሊሰጥ አይችልም። ራጅ የአባትየውን ደጅ የጠናው ከሕግ የማያገኘውን ነገር ፈልጎ ነው።

በዚህ ረገድ ተማሪው ራጅን ፈሪ ማለቱ ልክ አይመስለንም። ነገር ግን የሹሙም ምስጋና ሙሉ አይደለም። ሲምራንን ማን ጠየቃት? አባቷ ሳይጠይቃት አጫት፤ ወዳጇም እንሂድ ስትለው የእርስዋን ቃል ትቶ የአባቷን ቃል ጠበቀ። ክፉውም ደጉም ሰው በእርስዋ ነገር የሚከራከረው እርስዋን ወደ ጐን አቁሞ ነው። ምርቃት ትልቅ ነገር የሚሆነው ከልጂቱ ፈቃድ በኋላ ሲመጣ ነው እንጂ በፈቃዷ ምትክ ሲገባ አይደለም። መምህርቲቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር የጨረሰችውን እኛ ይህን ያህል አስረዘምነው።

ሕንዶች ራሳቸው በዚህ ፊልም ሲከራከሩ ኖረዋል። አንዳንዶቹ የወጣቶችን ፍቅር ከወላጆች ክብር ጋር አስታርቋል ይላሉ፤ ሌሎቹ የአባትን ሥልጣን በዘፈንና በሳቅ አሳምሮ መልሶ አነገሠው ይላሉ። ይህ ሁሉ ክርክር ግን ተመልካቹን ከደጁ አላራቀውም። በቦምቤይ፣ ዛሬ ሙምባይ በምትባለው ከተማ፣ ማራታ ማንዲር የሚባለው ሲኒማ ቤት ፊልሙን ሳያቋርጥ ሲያሳይ ቆይቶ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. 1000 ሳምንት ሞላው። ከተመልካቾቹ ብዙዎቹ ፊልሙን ደጋግመው ያዩት ስለ ነበሩ ባቡሩ መቼ እንደሚነሣና ልጂቱ እንደምትደርስበት ያውቃሉ። ቢሆንም የአባትየው እጅ እስኪለቃት ድረስ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ።