ክላክስ አድርገሽ አትለፊ

ሐምሌ 28

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ነሽ አልልሽም፤ ማታ አብረን ራት በልተናል። ግን ልነግርሽ ጀምሬ የተውኩት ነገር አለ። አፌ ድረስ ይመጣና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጽፌ ከመኪናው ሊብሬ ጋር አስቀምጬልሻለሁ። ቤንዚን ለመቅዳት ስትሰለፊ አንብቢው።

መስከረም ላይ ድሬዳዋ ሥራ ከመግባትሽ በፊት ዘመዶችሽን ዞረሽ ልትሰናበቺ መነሳትሽ ልቤን ነክቶታል። የወንድምሽን ቪትዝ ተውሰሽ የጻፍሽውን ፕሮግራም ሳይ ግን ደነገጥኩ። «ጠዋት ሰበታ፣ ምሳ ቡራዩ፣ ከሰዓት ሱሉልታ፣ ማታ ቤት» ይላል። ልጄ፣ እንዲህ የሚዞረው ጭነት የሚያደርስ ሹፌር ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጭነት አድርሻለሁና አውቀዋለሁ።

ሦስቱም ከተሞች ከመሀል አዲስ አበባ 30 ኪሎ ሜትር አይሞሉም። ነገር ግን ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አዲስ አበባን ማቋረጥ አለበት። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ግማሽ ቀንሽ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ያልቃል። ከዚህ ይልቅ የጎዳን ግን ቅርበቱ ራሱ ነው። ሩቅ አገር ላለ ዘመድ ስንቅ ቋጥረን፣ ፈቃድ ጠይቀን እንሄዳለን፤ ቅርብ ላለው «ነገ ብቅ እላለሁ» እንላለን። እኔ ወደ ሦስቱ ቤቶች ለቅሶ ሳይኖር የሄድኩበትን ቀን ብቆጥር የአንድ እጅ ጣት ይበቃኛል። አንቺ ይህን እንዳትወርሺ ነው ልመናዬ።

ሦስት ሳምንት አለሽ። በእያንዳንዱ ቤት ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሪ። ቀን የሚወራው የሰላምታ ወሬ ነው። ዋናው ነገር የሚነሳው ራት ተበልቶ፣ ዕቃው ተነስቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው። አያትሽ ከየት ተነስተው ሸዋ እንደገቡ፣ እናትሽ በልጅነቷ ለምን ትምህርት አቋርጣ እንደነበር፣ ይህን ሁሉ ቡና ጠጥተሽ ሰዓትሽን እያየሽ ከተነሳሽ ማንም አይነግርሽም።

ከሰበታ ጀምሪ። የእናትሽ ታላቅ እህት ፍልሰታን ያለ ቅዳሴ አያሳልፏትምና ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት አትድረሺ፤ በሩ ተዘግቶ ታገኚዋለሽ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና፣ ስኳር፣ ሙዝ ይበቃል። ብር መስጠት ከፈለግሽ ሰው ፊት እንዳይሆን፤ ስትሰነባበቱ እጃቸው ላይ አድርጊው። ቡናውን እስከ በረካ ጠብቂ፤ እሳቸው የሆዳቸውን የሚያወጡት ከቶና በኋላ ነው። ለቡሄ ዋዜማ ነሐሴ 12 እዚያ ብትሆኚ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ ዝርዝር ብር አይጥፋብሽ።

አንድ ጊዜ እኚሁ አክስትሽ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው የነገሩኝን ልንገርሽ። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ መነሻው ሰበታ ነው፤ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እሳቸው ታዲያ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ሐዲዱ ከዚህ ተነስቶ ባሕር ይደርሳል፤ እናንተ ግን ከአዲስ አበባ እዚህ መድረስ አቃታችሁ» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ያው ሐዲድ ነው አንቺ በምትሄጂበት በድሬዳዋ በኩል የሚያልፈው። ይህን ስትነግሪያቸው ፊታቸውን አስተውዪ።

ቡራዩ አጎትሽ ጋ ስትሄጂ አድራሻ ይዘሽ አትተማመኚ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ወደ ሸገር ከተማ ከተጠቃለሉ ወዲህ የክፍለ ከተማውም የወረዳውም ስም ተለዋውጧል። ባጃጅ ነጂዎቹን በሰው ስም ጠይቂያቸው፤ የማን አባት፣ የማን ባል ብለሽ። አብረውት የሚኖሩት የሚስቱ እናት አማርኛ ብዙም አይናገሩም። ቀድመሽ ጎንበስ በይና «አካም ጅርቱ» በያቸው፤ ሲያስተናግዱሽ «ገለቶማ» በይ። ልጆቹ ሊስቁ ይችላሉ፤ ይሳቁ። እኔ በዚያ ቤት ስንት ዓመት ሙሉ ራሴን እየነቀነቅሁ ብቻ ሰላምታ ስሰጥ ኖሬ፣ አንድ ቀን በራሳቸው ቋንቋ ሰላም ብላቸው እጄን ይዘው ቶሎ አልለቀቁኝም። እነሱ ቤት ፍልሰታ አይጾምምና ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ጿሚ መሆንሽን ንገሪያቸው። በግ አርደው ከጠበቁሽ በኋላ አልበላም ማለት ከባድ ነው።

ጠዋት ተነስተሽ ከአጎትሽ ጋር እስከ ገፈርሳ ግድብ ድረስ በእግራችሁ ሂዱ። ስንት ዘመን የአዲስ አበባ ሰው የጠጣው ውሃ ነው። አጎትሽ ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነው፤ ሲራመድ ግን አንደበቱ ይፈታል። ስለ አባቴ እኔ የማላውቀውን እሱ ያውቃል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ያስታመማቸው እሱ ነውና። ጠይቂውና ለእኔም ንገሪኝ።

ስለ መንዳት ብዙ አልልሽም፤ እጅሽ ጥሩ ነው። የክረምት መንገድ ግን ሌላ ነው። ታቹ የማይታይ ኩሬ ውስጥ አትግቢ፤ ቪትዝ ዝቅተኛ ነው። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ጭቃ ከሆነ መኪናውን ዋናው መንገድ ዳር አቁመሽ በእግርሽ ግቢ። ስኮርታውን ማታ ነፍቼዋለሁ፤ ክሪኩ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የዝናብ መጥረጊያውን ጎማ ቀይሬዋለሁ። ወደ ሱሉልታ ስትሄጂ ከአዲሱ ገበያ ወጥተሽ የእንጦጦን ተራራ ስታቋርጪ ጉም ከጠበቀሽ መብራትሽን አብርተሽ ቀስ በይ፤ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አትውረጂ፣ ማርሽ ቀንሺ። ከሲኖትራክ ጋር እልህ አትጋቢ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ደግሞ በማለዳ አትሌቶች በቡድን በቡድን ሆነው አስፋልቱን ዳር ይዘው ይሮጣሉ። ቀነኒሳ በቀለ መም ያስገነባው እዚያ ነው። ከኋላቸው ስትደርሺ ፍጥነትሽን ቀንሺላቸው፤ የሰው ልጆች ናቸው፣ ጭቃ አትርጪባቸው።

ሰማዩ ጥርት ካለ ተራራው አናት ላይ ትንሽ ቁሚ። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። በሰሜን በኩል የወረደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንን አልፎ ግብፅ ይደርሳል። ወጣት ሳለሁ ረዳት ሆኜ የሠራሁለት ሹፌር እዚያ ቦታ ላይ አቁሞ ነው ያሳየኝ። እኔም በተራዬ ላሳይሽ አስቤ ሳይሆንልኝ ቀረ።

ከሱሉልታ ወዲያ ዘንድሮ አትሂጂ። ደጀን ያሉትን ወገኖቻችንን በስልክ ጠይቂያቸው። መንገዱ ሰላም ሲሆን የዓባይን በረሃ እኔው ራሴ ይዤሽ እወርዳለሁ።

አሁን ወደ ተውኩት ነገር ልምጣ።

ሱሉልታን ለመጨረሻ ያደረግኩልሽ በምክንያት ነው። እታለም፣ ታላቅ እህቴ፣ ቤቷ ከአስፋልቱ ዳር እንደነበረ ታውቂያለሽ። አንቺ ስትወለጂ እሷ አልነበረችም። እኔ በኤንትሬ ጎጃም ስመላለስ በሳምንት ሁለት ጊዜ በደጇ አልፍ ነበር። ክላክሱን ሁለቴ አደርገዋለሁ፤ እሷ ሥራዋን ጥላ ወደ በሩ ትወጣለች፤ እጄን አውለበልባለሁ፤ አልፋለሁ። ጭነት አለ፣ ባለ እህሉ ይጠብቃል፣ መሽቷል፤ ምክንያት ጠፍቶኝ አያውቅም። አንዳንድ ቀን ገና የመኪናዬን ድምፅ ከሩቅ ስትሰማ ወተት በጆግ ይዛ፣ በሰሃን ከድና ትወጣለች። እንደምቆም ተስፋ አድርጋ ነው። አንድ ቀን ጆጉን በሁለት እጇ እንደያዘች መንገድ ዳር ቆማ በስፖኪዮ አየኋት፤ እያነሰች እያነሰች ሄዳ ጠፋች። ያን ቀን እንኳ ፍሬን አልያዝኩም።

አንድ ክረምት ከደብረ ማርቆስ ጤፍ ጭኜ ስመለስ ሁለቴ ክላክስ ባደርግ ማንም አልወጣም። ዝናብ ነበር። ገበያ ሄዳ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። እህል በረንዳ አራግፌ ቤቴ ስገባ መርዶ ነጋሪዎቹ ቀድመውኛል። ሦስት ቀን ታማ ተኝታ ነበር። ልጇ ከተዝካሩ በኋላ ነው የነገረችኝ፤ ክላክሱን ሰምታው ነበር። ዓይኗን ገልጣ «ወንድሜ አለፈ» አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

እኔ እስከ አሰብ ነድቻለሁ፤ እስከ ጅቡቲ፣ እስከ ጋምቤላ ነድቻለሁ። ከዚያ ሁሉ መንገድ የሚቆጨኝ ያቺ ከአስፋልቱ እስከ እህቴ በር ያለችው ሃያ እርምጃ ናት።

ልጇ እዚያው ቤት ናት፤ ሁለት ላሞች አሏት። ከነሐሴ 16 በኋላ ሂጂ፤ ጾሙ ተፈትቶ ወተቱን ትጠጪዋለሽ። ጠዋት ስትነሺ አብረሻት ጋጣው ድረስ ሂጂ፤ ቶሎ ልሂድ አትበያት። በየቤቱ ሲመርቁሽም ስልክሽን አስቀምጠሽ፣ አንገትሽን ደፍተሽ እስኪጨርሱ አሜን በይ።

ደጇ ስትደርሺ ክላክሱን ሁለቴ አድርጊው፤ ማን እንደመጣ ታውቃለች። ከዚያ ሞተሩን አጥፊና ውረጂ።

አባትሽ