ሁለተኛስ ማን ወጣ?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታ ከመድረሱ በፊት የጉማራን ወንዝ ይሻገራል፤ ወረታን አልፎ ወደ አዲስ ዘመን ሲያቀና ደግሞ ርብን ይሻገራል። በነዚህ በሁለቱ ወንዞች መካከልና ግራ ቀኝ፣ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ ድረስ ተዘርግቶ የሚታየው ሜዳ ፎገራ ነው። በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በበጋ ዋልካው የሚሰነጣጠቅበት፣ ለጥ ያለ አገር ነው። ፎገራ ሲባል ሰው የሚያስታውሰው ከብቱን ነው፤ ከጊዜ ወዲህ ደግሞ ሩዙን። በሩጫ ስሙን የሚያነሣው የለም። ሯጭ ሲባል የሰው ሁሉ ልብ የሚሄደው ወደ አርሲ ደጋ፣ ወደ በቆጂና ወደ አሰላ ነው። ይሁን እንጂ ታላቅ ወንድሜ ሯጭ ነበር። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁትም ስለ እርሱና፣ እርሱ አንድ ቀን እንኳ በአካል አግኝቶት ስለማያውቀው ስለ አትሌት በላይነህ ዴንሳሞ ለመናገር ነው።

ወንድሜ በበጋ የሚሮጠው ከብት ረግጦ ባለሰለሰው የሜዳ መንገድ ላይ ነበር። ክረምት ሲገባና ሜዳው በወንዝ ሙላት ሲዋጥ ግን ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን ጠጠር መንገድ ይዞ ወደ ዓለም በር አቅጣጫ ዳገቱን ይያያዘዋል። አባየ ይህን አይወድለትም ነበር። «በሬ ጠፍቶበት ቢሆን ደግ፤ ምን አሳድዶት ነው የሚሮጠው?» ይል ነበር። እማየ ግን ልጇ በማለዳ ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ የሽሮውን ድስት ከምድጃው አታወርድም።

ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. እሑድ፣ ዳግም ትንሣኤ ነበር። በዚያ ዕለት በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ በተደረገ የማራቶን ውድድር በላይነህ ዴንሳሞ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ፈጸመ። ካርሎስ ሎፔዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው ከተማ አስመዝግቦት የነበረውን ክብረ ወሰን በ22 ሰከንድ አሻሻለ፤ ከ2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ በታች በመግባትም በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ወሬው እኛ ዘንድ የደረሰው በጎረቤታችን ራዲዮ ነው። እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ወንድሜ 18 ዓመት ሆኖት ነበር። ሴቶቹ እልል ሲሉ ወንድሜ ወደ ራዲዮው ጠጋ ብሎ፣ «ሁለተኛስ ማን ወጣ?» ሲል ጠየቀ። ራዲዮን ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው የለምና ሁሉም ሳቁበት። እኔም ሳቅሁ።

በወሩ ወንድሜ ጎንደር ከተማ ላይ በተደረገ የተማሪዎች ውድድር 10,000 ሜትር ሮጠ። ከዚያ ውድድር ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አንደኛ የወጣው ብቻ ነበር። ወንድሜ ሁለተኛ ወጣ። ሁለት ደብተርና አንድ የምስክር ወረቀት ይዞ፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ አቧራ ለብሶ ተመለሰ። እማየ ቡና አፈላች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። እኔም ከትልልቅ ልጆች የሰማሁትን አነጋገር ይዤ፣ ዐዋቂ ለመምሰል፣ «ሁለተኛና መጨረሻ አንድ ነው» አልሁ። አባየ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ሳቁ። ወንድሜ አንዳች አልመለሰልኝም። በማግሥቱ የሸራ ጫማውን አጥቦ በአጥሩ ላይ አሰጣው፤ ሲደርቅም «ትምህርት ቤት አድርገው» ብሎ ሰጠኝ። ጫማው ይሰፋኝ ስለ ነበር ጫፉ ላይ ጨርቅ እየጠቀጠቅሁ አደረግሁት። ከዚያ ቀን ወዲያ ወንድሜ ሲሮጥ አላየሁትም።

ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ልጅ አንደበት ላይ ልጭን አልሻም። አባየ እየደከመ ነበር፤ እርሻውም ሰው ይፈልግ ነበር። ወንድሜ ዘግየት ብሎም ቢሆን ሩጫውን መተዉ ላይቀር ይችል ነበር። ነገር ግን ጫማውን የሰጠኝ በማግሥቱ ነው፤ ይህን ከራሴ ልሸሽገው አልቻልሁም።

ክረምቱ አልፎ መስከረም 1981 ዓ.ም. ሲጠባ የሴኡል ኦሊምፒክ ተከፈተ። በላይነህ የሚሮጥበትን ቀን ወንድሜ ሲጠባበቅ ከረመ። ዳሩ ግን ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በነበራት ወዳጅነት ምክንያት፣ እንደ ኩባ ሁሉ፣ ከውድድሩ ቀረች። ከአራት ዓመት በፊት ከሎስ አንጀለስ፣ ከ12 ዓመት በፊትም ከሞንትሪያል ቀርታ ነበር። መስከረም 22 ቀን የማራቶኑን ወርቅ ጣሊያናዊው ጄሊንዶ ቦርዲን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ወሰደ። ይህ ሰዓት በላይነህ ሮተርዳም ላይ ከገባበት ጋር ሲተያይ የ3 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ልዩነት አለው። መቼም የአንዱ ከተማ መንገድና ሙቀት ከሌላው ስለማይመሳሰል እንዲህ ያለው ንጽጽር ፍርድ ሊሆን አይችልም፤ ቦርዲንም ወርቁን ሮጦ ያገኘው ነውና ከእጁ የምነጥቅበት ምክንያት የለኝም። ብቻ የዓለም ባለ ክብረ ወሰን በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ የፎገራ ሰው ዝም ብሎ የማያልፈው ነገር አለ። የሜዳችንን ሰው ሩዝ መዝራት ያስተማሩት ሰሜን ኮሪያውያን ናቸው። በ1970ዎቹ ዓመታት የመጡት ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ በነበሩት የገበሬዎች አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዙን አስጀመሩ። ከዚያ በፊት ያ ውኃ የሚተኛበት መሬት በክረምት ለሌላ ሰብል እምብዛም አይመችም ነበር። ሩዝ ግን እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ይበቅላል። ዛሬ በሰኔ ተዘርቶ በኅዳር ይታጨዳል፤ እርጥበቱ ሳይጠፋ በላዩ ላይ ጓያ ይዘራበታል። ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፤ ገለባው ለከብት ነው። ወረታ ራሷ የሩዝ መፈልፈያ ድምፅ የማይለያት ከተማ ሆናለች። ከጥንቱ ዘር አንዱ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያች በጅግና ስም «ኤክስ ጅግና» ተብሎ ይጠራል። እንግዲህ የእኛን ቤት ያጠገበው ወዳጅነት፣ በላይነህንም ከሴኡል ያስቀረው ወዳጅነት አንድ ነው። ወንድሜ ከአባየ በወረሰው መሬት ላይ ሩዝ እየዘራ አምስት ልጆች አሳድጓል። ይህ ነገር ሲነሣ «የበላነውን አንክድም» ይላል፤ ጥቂት ቆይቶም «ግን ቢሄድ ምን ነበረበት?» ይላል። ሁለቱንም የሚናገረው በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው።

የበላይነህ ክብረ ወሰን 10 ዓመት ከ5 ወር ቆየ። መስከረም 10 ቀን 1991 ዓ.ም. ብራዚላዊው ሮናልዶ ዳ ኮስታ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ገብቶ እስኪሰብረው ድረስ ከዓለም ሕዝብ ሁሉ ያን ያህል ፈጥኖ ማራቶን የሮጠ አልተገኘም። በላይነህ ሮተርዳምን በጠቅላላው አራት ጊዜ አሸንፏል። ሆኖም ከኦሊምፒክም ሆነ ከዓለም ሻምፒዮና አንድ ሜዳልያ እንኳ አላገኘም። እኔ በሙያዬ መምህር ነኝ። ባሕር ዳር በማስተምርበት ክፍል አንድ ቀን «የማራቶንን ክብረ ወሰን ከ10 ዓመት በላይ ይዞ የቆየው ኢትዮጵያዊ ማን ነው?» ብዬ ብጠይቅ ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ «አበበ ቢቂላ!» አሉኝ። አልፈረድሁባቸውም። ሻምፒዮና የቀጠሮ ነገር ነው፤ ቀኑን የሚቆርጠው ሌላ፣ ሂድ ወይም ቅር የሚለው ሌላ፣ የሚሮጠው ሌላ ነው። እኛ ደግሞ በቀጠሮው ቀን ያልተገኘውን ሰው ፈጥነን እንረሳለን።

ወንድሜ ስለ ራሱ ሩጫ ለረጅም ዘመን አንሥቶ አያውቅም ነበር። ያነሣው ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ሌሊት ነው። ለዕረፍት ወረታ ሄጄ ሳለ፣ ከአንድ ቡና ቤት ተቀምጠን የአቴንስ ኦሊምፒክን 10,000 ሜትር በቴሌቪዥን እናያለን። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ወደ ኋላ የቀረውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ዞር እያሉ ሲጠብቁት ያየ ሰው ያን ሌሊት አይረሳውም። በመጨረሻ ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰደ። ቤቱ በሙሉ «ቀነኒሳ! ቀነኒሳ!» እያለ ሲናወጥ ወንድሜ ብርጭቆውን አንሥቶ ብቻውን «ስለሺ» አለ።

ያን ጊዜ የስለሺ ዕጣ ገና አልታወቀም ነበር። በዓመቱ ሄልሲንኪ ላይ በ10,000 ሜትር በቀነኒሳ የተቀደመው ግማሽ ሰከንድ ያህል ነው፤ በዚያው ሻምፒዮና በ5,000 ሜትር ኬንያዊው ቤንጃሚን ሊሞ የቀደመው በሩብ ሰከንድ ያህል ነው። በ1999 ዓ.ም. ኦሳካ ላይ እንደገና ሁለተኛ፣ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ እንደገና ሁለተኛ። በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ከዚህ በላይ ለወርቅ የቀረበና ወርቅ ያልነካ ሯጭ አላውቅም። የተወለደው በቀነኒሳ ዘመን ባይሆን ኖሮ ስሙ ዛሬ የት በደረሰ!

በዚያ ሌሊት ወደ ቤት ስንመለስ ጨለማ ነበር፤ እንቁራሪቶቹ ከሩዙ ማሳ ውስጥ ይጮኻሉ። ወንድሜ ድንገት፣ «እኔም እኮ ጎንደር ላይ ተቀደምሁ እንጅ አልተሸነፍሁም» አለኝ። እኔ ያን ጊዜም አማርኛ ነበር የማስተምረው፤ የሁለቱን ግሦች ልዩነት ግን ከእርሱ በቀር ያስረዳኝ የለም። የተሸነፈ ሰው ነገሩ አልቋል፤ የተቀደመ ሰው ግን ከፊቱ ሌላ ሰው አለ እንጂ ገና በመንገድ ላይ ነው። ዕድሉ አሁን ነው ብዬ፣

«ወንድምዓለም፤ ያን ጊዜ በእማየ ቡና ላይ የተናገርሁትን...» ብዬ ስጀምር አቋረጠኝ።

«ጫማው ስንት ዓመት አገለገለህ?»

«ሁለት ዓመት።»

«ደግ ጫማ ነበር» አለና ሌላ ወሬ አመጣ።

ባለፈው ኅዳር ሩዙ ሲታጨድ ወደ ወረታ ሄጄ ነበር። ዘንድሮ ግን ባዶ እጄን አልሄድሁም፤ በልጅነቴ የሳቅሁበትን ጥያቄ መልስ ፈልጌ አግኝቼ ነበር። ወንድሜ ማጭዱን ይዞ ከማሳው ዳር ሲያርፍ ጠብቄ፣ «የሮተርዳሙን ሁለተኛ አገኘሁልህ» አልሁት። ስሙ አህመድ ሳላህ ነው፤ የጎረቤታችን የጅቡቲ ሰው። የገባው በ2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። ይኸውም የሎፔዝን የቀድሞ ክብረ ወሰን እርሱም በ5 ሰከንድ አሻሽሎት ነበር ማለት ነው፤ በላይነህ ከፊቱ ባይኖር ኖሮ የዓለም ባለ ክብረ ወሰን የሚባለው እርሱ ነበር። በሴኡልም ሦስተኛ ወጥቶ ነሐሱን አገኘ። በዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በ1979 ዓ.ም. በሮም፣ በ1983 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሁለተኛ ወጣ።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ሳያቋርጥ ሰማኝ። ከዚያም «በመካከላቸው ስንት ነበር?» አለ።

«17 ሰከንድ።»

«በመሬት ሲለካ?»

በሚሮጡት ፍጥነት ሒሳቡን ሠርቼ፣ «ከ90 ሜትር ጥቂት ይበልጣል» አልሁት። ማጭዱን መሬት ላይ አኖረ። «አንተ ከዚህ አትነቃነቅ» ብሎኝ በታጨደው ማሳ ላይ እርምጃውን ጮክ ብሎ እየቆጠረ ሄደ። ቆጥሮ ሲጨርስ ቆመ፤ አልዞረም፤ ጀርባውን እንደ ሰጠኝ፣

«ታየኛለህ?» አለ።

«አይሃለሁ።»

አጫጆቹ ሥራቸውን አቁመው ሁለት ሽማግሌዎች የሚጫወቱትን ጨዋታ ይመለከቱ ነበር። ወንድሜም አሁን ፊቱን ወደ እኔ መልሶ፣ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ፣ «ጎንደር ላይ» ሲል ጮኸ፤ «ጎንደር ላይ ከዚህም ይቀርብ ነበር!»