በማስመሪያ የባከነ ዲግሪ

ኮምፒውተር ባይኖረን ኖሮ እንዲህ ባላንገበገበኝ። ነበረን እኮ! ላቡ ሙሉ ነበር፣ ኤክሴሉም ተጭኖበታል። እኛ የአካውንቲንግ ተማሪዎች ግን ሌላ ሕንፃ ውስጥ ባለ አሥር አምድ ወርክሺት በማስመሪያ እናሰምር ነበር። ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል አልመጣ ሲል በላጲስ ፍቆ እንደገና መደመር። ላብ የምንገባው ለኮምፒውተር መግቢያ ኮርስ ሲሆን፣ የተማርነውም ሴል ማቅለምና ግራፍ መሳል ነው። ሁለቱን ያገናኘልን ሰው አልነበረም። (ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌርም ወስደናል፤ እሱ ቁጥሩን ተቀብሎ ሪፖርቱን ያወጣል እንጂ ስሌቱን አያሳይም።)

ይበልጥ የሚያበግነኝ የኤሌክትሮኒክ ሰንጠረዥ ራሱ የታሰበው ክፍል ውስጥ መሆኑ ነው። ዳን ብሪክሊን እ.ኤ.አ. በ1978 ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ሲማር፣ መምህሩ አንድ ቁጥር በተቀየረ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ያለውን እያጠፉ እንደገና ሲያሰሉ አየና የኤክሴልን ቀዳሚ፣ ቪሲካልክን አሰበ፤ በዓመቱ ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ለገበያ አበቁት። ያ ሁሉ ዘመን አልፎም እኛ ሰሌዳ እንገለብጥ ነበር።

ደመወዝን እንውሰድ። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 600 ብር ነፃ አድርጎ ከዚያ በላይ ያለውን ከ10 እስከ 35 በመቶ በእርከን ያስከፍል ነበር። ለሦስት ሠራተኛ በካልኩሌተር ሠርተን ሙሉ ማርክ አገኘን። ሦስት መቶ ቢሆኑስ ያለን የለም። እርከኖቹን በሰንጠረዥ ለይቶ አስቀምጦ ፎርሙላው ከዚያ እንዲያነብ ማድረግ የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነበር። ሥራ ስንይዝ ግን መጠኑን ሁሉ ኢፍ በኢፍ ላይ እየደራረትን ፎርሙላው ውስጥ ቀበርነው። በ2017 አዋጁ ተሻሽሎ ነፃው ገቢ 2,000 ብር ሲሆን፣ ሰንጠረዥ የነበረው ጥቂት ቁጥር ለውጦ ወደ ቤቱ ገባ፤ የእኛ ቢሮ ረድፍ በረድፍ ሲፈትሽ አመሸ። አንዷ ረድፍ የድሮውን መጠን ይዛ ብትቀር ማን ያያል?

የፍጥነት ጉዳይ ብቻ ቢሆን በአጭር ሥልጠና ይካካስ ነበር። የቀረብን መጠርጠር ነው። ቶማስ ሄርንደን በማሳቹሴትስ አምኸርስት ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለ፣ ለክፍል ሥራ ብሎ የኢኮኖሚስቶቹን የራይንሃርትንና የሮጎፍን ዝነኛ የመንግሥት ዕዳ ጥናት የኤክሴል ፋይል መረመረ፤ አማካዩን የሚያወጣው ፎርሙላ አምስት አገሮችን ዘሎ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም ሰማ። የእኛ የክፍል ሥራ ደግሞ ከድምሩ በታች ሁለት መስመር ካልተሰመረበት ማርክ ያስቀንስ ነበር።