ሞክረው የማይገዙት ዕቃ

ፍሬን ተሠርቶ ሲያልቅ ሰፈሩን አንዴ ዞረህ ትሞክረዋለህ። ክላክስ ከሆነ ተጭነህ ትሰማለህ። ኤርባግ ግን መሥራቱን የምታውቀው በዕድሜው አንዴ ነው፤ ያውም ማንም በማይመኘው ቀን። በመኪና ኤሌክትሪሺያንነት ስሠራ ስለዚህ ዕቃና ስለ ዘመዶቹ የያዝኩትን እንደመጣልኝ አሰፍራለሁ። አንዳንዱ ለባለሙያ፣ አብዛኛው ለባለ መኪና ይሆናል።

ከሁሉ በፊት፣ የሚፈነዳ ነገር ነው

ደንበኞች ብቻ ሳይሆኑ አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼም ኤርባግን በታመቀ አየር የሚሞላ ከረጢት አድርገው ያስቡታል። ሐሳቡ ሲወለድ በርግጥ እንደዚያ ነበር። አሜሪካዊው ጆን ሄትሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 የፈጠራ መብት ሲያገኝ ንድፉ የታመቀ አየር የሚጠቀም ነበር። ችግሩ ጊዜ ነው። የፊት ለፊት ግጭት ተጀምሮ እስኪያልቅ 100 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ እንኳ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። የኤርባጉ ኮምፒዩተር ግጭቱ የምር መሆኑን ለመለየት ከዚህ ላይ 15 ወይም 20 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ከረጢቱ በ30 ሚሊሰከንድ ገደማ ሞልቶ ፊትህን መጠበቅ አለበት። ለዚህ ሩጫ የተገኘው መላ እንደ ባሩድ የሚነድ ኬሚካል ነው።

መሪው መሐል ካለው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚለኮስ ማቀጣጠያና ሲነድ ጋዝ የሚሰጥ እንክብል አለ። በድሮዎቹ ውስጥ የነበረው ሶዲየም አዛይድ ነው። ሲነድ የሚወጣው ናይትሮጅን ጉዳት የለውም፤ ሳይነድ የቀረው ዱቄት ግን መርዝ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ሌሎች ኬሚካሎች ተክተውታል። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1981 ኤስ ክላስ ላይ ኤርባግ ሲያቀርብ በፍንዳታ የሚጠብቅ ቀበቶም አብሮ ነበር። ዛሬ ደግሞ በበር በኩል፣ በጣሪያው ጠርዝ፣ በጉልበት ፊት፣ በወንበር ጎን ሁሉ አለ። የጣሪያዎቹ ብዙ ጊዜ የታመቀ ጋዝ አላቸው፤ መክፈቻቸው ግን ያው ፍንዳታ ነው። አንድ ደህና አውቶሞቢል ላይ ቁጥራቸው ከ10 ያልፋል። ሾፌሩ እነዚህን ሁሉ ታቅፎ ነው ቦሌ መንገድ ላይ የሚጨናነቀው።

ቢጫ ሶኬት ካየህ እጅህን ሰብስብ

የኤርባግ ሽቦና ሶኬት ቢጫ የሆነው ለጌጥ አይደለም። ባትሪ ሳይነቀል ቢጫ ሶኬት አይነካም፤ ባትሪ ተነቅሎም ወዲያው አይነካም። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር፣ ባትሪው በግጭት ቢቆረጥ እንኳ ለማፈንዳት የሚበቃ ኃይል ይዞ ይቆያል። የቶዮታ መመሪያ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል፤ ሦስት ደቂቃ የሚሉም አሉ። እኔ ሻይ አዝዤ ነው የምጠብቀው።

ሶኬቱን ነቅለህ ውስጡን በባትሪ መብራት ብታየው ቀጭን የብረት ምላስ ታገኛለህ። ሶኬቱ ሲነቀል ምላሷ ተፈናጥራ ሁለቱን ፒን ታገናኛለች። ይህ የሚደረገው ከሰው ልብስ ወይም ከሌላ ሽቦ የመጣ ኤሌክትሪክ ማቀጣጠያው ውስጥ እንዳያልፍ ነው። ምላሷን በካቻቪቴ ጫፍ አጣምሞ ያበላሸ ሰው መኪናውን ሳይሆን ቀጥሎ የሚነካውን ሠራተኛ ነው የጎዳው።

ማቀጣጠያውን በቴስተር መለካት ክልክል ነው። ሬዚስታንሱ 2 ኦም አካባቢ ሲሆን፣ 1.2 አምፒር ለሁለት ሚሊሰከንድ ካለፈበት ይነዳል። የእኛ ሰው የለመደው የአምፖል መሞከሪያ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የ21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ከተሠራበት 1.75 አምፒር ያሳልፋል። ሒሳቡ ይኸው ነው።

የተፈታ ኤርባግ ሲያዝ ሽፋኑ ከሰውነት ወደ ውጭ ይዞር፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሽፋኑ ወደ ላይ ይሁን። ተደፍቶ ከተቀመጠ ከረጢቱ ጠረጴዛውን ገፍቶ ብረቱን ወደ ጣሪያ ያስወነጭፋል።

መብራቱ ሽቦውን እንጂ ከረጢቱን አያይም

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ቁልፍ ሲዞር የኤርባግ መብራት ይበራል፤ ቶዮታ ላይ ስድስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይጠፋል። ሰው በዚህ ይረካል። ኮምፒዩተሩ ግን የሚያደርገው ትንሽ ኤሌክትሪክ ልኮ ያችን 2 ኦም መለካት ነው። 2 ኦም ካገኘ ደህና ነኝ ይላል። ስለዚህ በግጭት የፈነዳ መኪና ላይ አዲስ ኤርባግ ከመግዛት በሳንቲም የምትገኝ ሬዚስተር ሰክቶ፣ ሽፋኑን መልሶ ገጥሞ መሸጥ የተለመደ ማታለያ ሆኗል። ስካነር ብትሰካበትም ንጹሕ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ አባት ሊገዟት ያሰቧትን ቪትዝ ይዘው ጋራዥ መጡ።

«ልጄ፣ መብራቱ እኮ በርቶ ይጠፋል፤ ደላላውም አሳይቶኛል። ሌላ ምን ቀረ?»

«ጋሼ፣ አንዴ ይፍቀዱልኝና ሽፋኑን ልፍታው።»

ስፈታው ከረጢቱም ቆርቆሮውም የለም። ከቢጫው ሶኬት ጫፍ ላይ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለች የሩዝ ፍሬ የምታህል ሬዚስተር ተንጠልጥላለች። አባታችን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው ቀረብ ብለው አዩዋት። «ይቺ ናት እንግዲህ ደረቴን የምታድነው?» አሉ። ዋጋ አስቀንሰው ገዟት። በተቀነሰው ብር ኤርባግ ይግጠሙበት ብላቸው ጎማ ቀየሩበት፤ እኔ ምን አደርጋለሁ።

ሳይፈታ የሚታይ ምልክትም አለ። መብራቱ ጨርሶ ካልበራ አምፖሉ ወጥቷል፤ ከዘይት መብራት ጋር እኩል በርቶ እኩል የሚጠፋ ከሆነ ሽቦው ተጠልፏል። በተሳፋሪው በኩል ያለውን ዳሽቦርድ ደግሞ በባትሪ መብራት ከጎን ያዙትና እዩት፤ ስቱኮ ተሞልቶ ቆዳ የለበሰ ከሆነ ብርሃኑ ላይ ይወዛወዛል። በኔ አስተያየት ይህን መፈተሽ ሞተር ከማስጮህ ይቀድማል።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና

ከጃፓን በቀኝ መሪ ወጥተው ዱባይ ላይ መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ የመጡ መኪኖች አሉን። ማርሹና ፍሬኑ ይሠራል፤ ሰው በዚያ ይበቃዋል። ዳሽቦርዱ ግን ሲቆረጥና ሲገለበጥ የሾፌሩና የተሳፋሪው ኤርባግ ቦታ ይቀያየራል፣ ሽቦው ይቀጠላል፣ አንዳንዴም ቦታው ባዶ ይቀራል። ከረጢቱ ተቀዶ የሚወጣበት መስመር ከሽፋኑ ጀርባ በፋብሪካ የሳሳ ነው። በሙጫ የተሠራ ሽፋን ግን በዚያ መስመር አይቀደድም፤ ቁርጥራጩ ራሱ ፊት ላይ ይመጣል። እንዲህ ዓይነት መኪና ሲመጣልኝ የማስቀድመው ጥያቄ «ዳሽቦርዱ መቼም ተፈትቷል፤ ማን ገጠመው?» የሚል ነው። መልስ ያገኘሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

«ታዲያ ለምን አልፈነዳም?»

ፓራውልቱ ተሰባብሮ፣ ኮፈኑ ታጥፎ ኤርባጉ ዝም ሲል ባለቤቱ ይናደዳል። ብዙ ጊዜ ኤርባጉ ትክክል ነው። ቀበቶ ላሰረ ሰው አብዛኞቹ የሚፈነዱት መኪናው ከጠንካራ ግድግዳ ጋር በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ገደማ የመጋጨት ያህል ሲደርስበት ነው፤ ቀበቶ ላላሰረ ከ16 እስከ 19 ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያየው የቆርቆሮውን መጨማደድ ሳይሆን መኪናው ምን ያህል በድንገት እንደቆመ ነው። አይሱዙ ጭነት ሥር የገባ አውቶሞቢል ኮፈኑ ተጠርጎ ብዙም ሳይንገጫገጭ ሊቆም ይችላል። ከኋላ የተመታም የፊቱን አያስነሳም።

ቀበቶም ውስጥ ባሩድ አለ

ይህን የማያውቀው ሰው ብዛት ይገርመኛል። በግጭት ጊዜ በቀበቶው ማጠንጠኛ ወይም በመቆለፊያው ሥር ያለች ትንሽ ፍንዳታ ቀበቶውን ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ስባ ሰውነትህን ከወንበሩ ጋር ታጣብቀዋለች። ይህ የሚሆነው ኤርባጉ ሞልቶ ሳያልቅ ነው። አንዴ ከሠራ አይመለስም፤ ቀበቶው ደርቆ ይቀራል ወይም መቆለፊያው ወደ ታች አጥሮ ይገኛል። እንዲህ የሆነውን ቀበቶ ፈትቶ፣ አላልቶ መልሶ የሚገጥም አይቻለሁ።

ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ቀበቶውን በትከሻው ጣል የሚያደርግ ሾፌርና ማስጠንቀቂያውን ዝም ለማሰኘት ባዶ የመቆለፊያ ምላስ የሚሰካ ሾፌር አንድ ናቸው። የሁለተኛው ግን ይብሳል፤ ኮምፒዩተሩን «ታስሬአለሁ» ብሎ ዋሽቶታል፤ ኮምፒዩተሩም ለታሰረ ሰው እንደሚወስን ይወስናል። ሳይታሰር ወደፊት የተወረወረ ሰው ከረጢቱን የሚያገኘው ሞልቶ ሲጠብቀው ሳይሆን ገና እየወጣ ሳለ ነው። የሚወጣበት ፍጥነት በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከመሪው መሐል እስከ ደረት 25 ሴንቲሜትር ይኑር የሚባለው ለዚህ ነው። ወደ ኋላ ፊቱን ያዞረ የሕፃን ወንበር ኤርባግ ካለበት የፊት ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ እናት ሕፃን ታቅፋ ፊት መቀመጧም ያው ነው። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያዞሩብኝ አሉ፤ ግድ የለም።

የሚያድነው ራሱ ሲገድል

ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በኤርባግ ማፈንጃው ውስጥ አሞኒየም ናይትሬት የተባለውን ርካሽ ኬሚካል ተጠቀመ። አሞኒየም ናይትሬት ክረምት ላይ ክዳኑ ክፍት እንደቀረ ጨው እርጥበት ይስባል። ዓመታት በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲመላለስበት እንክብሉ ይፈረካከሳል፤ የተፈረካከሰው ከመጠን በላይ ቶሎ ይነድና ቆርቆሮው ራሱ ፈንድቶ የብረት ስንጥር ወደ ሾፌሩ ይወረውራል። በአሜሪካ ብቻ ከ25 በላይ ሰው ገድሏል፤ 67 ሚሊዮን ያህል ማፈንጃ እንዲቀየር ታዟል፤ በዓለም ዙሪያ 100 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ኪሳራ አስመዘገበ። ቶዮታ፣ ሆንዳ፣ ኒሳን፣ ቢኤምደብሊው ሁሉም ተነክተዋል።

እኛን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ማፈንጃው እንዲቀየር የሚጠራው ደብዳቤ የሚላከው ለተመዘገበው ባለቤት ነው፤ መኪናዋ ግን አሜሪካን ወይም ጃፓንን ለቃ፣ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ሙቀትና እርጥበት ከርማ፣ በጅቡቲ በኩል እዚህ ደርሳለች። አዲስ አበባ ቀዝቀዝ ማለቷ ቀድሞ የደረሰውን ጉዳት አይመልሰውም። መድኃኒቱ ግን ነፃ ነው። የአሜሪካ መኪና ከሆነ የሻሲ ቁጥሩን በአገሪቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ፣ የጃፓን ከሆነ በአምራቹ የጃፓን ገጽ ላይ ማስገባት ነው። ከዚያ በኋላ ከወኪሉ ጋር መነጋገር ይጀመራል። ያገለገለ ዕቃ ተራ የተቀመጠ ኤርባግ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ካልታወቀ ግን በዚህ መንገድ ማጣራት አይቻልም፤ ስለዚህ አልገጥምም። ደንበኛ አጥቼበታለሁ።

አሮጌውንም መጣል ጣጣ አለው። ያልፈነዳ ኤርባግ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ተሰጥቶ እሳት ውስጥ ከገባ መፈንዳቱ አይቀርም። መመሪያዎቹ የሚያዙት ወደ ውጭ ወስዶ፣ ረጅም ሽቦ ቀጥሎ፣ ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ በባትሪ ማፈንዳት ነው። ድምፁ ጎረቤት ያስደነግጣል፤ ቀድሞ መንገር ደግ ነው።

አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከታገደ ወዲህ ጋራዡ ሌላ ዓይነት ፈንጂ መልመድ ይዟል። በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከትልቁ ባትሪ በሚወጣው መስመር ላይ በፍንዳታ የሚቆርጥ ፊውዝ አለ። ኮምፒዩተሩ ግጭት ሲያይ ትንሿ ፍንዳታ ስለት ገፍታ የመዳቡን ዘንግ ትበጥሰዋለች፤ በጥቂት ሚሊሰከንድ 400 ቮልቱ ከመኪናው አካል ይነጠላል። ቢኤምደብሊው በ12 ቮልት ባትሪው ፖዘቲቭ ገመድ ላይ ተመሳሳይ ነገር ከቆየ ጀምሮ ሲጠቀም ኖሯል።

አንድ ወጣት ባልደረባዬ እንዲህ የተበጠሰች መኪና አምጥቶ «መዳቡን ብንበይደውስ?» አለኝ። ይበየዳል፤ መኪናዋም ትነሳለች። በሚቀጥለው ግጭት ግን ባትሪውን ከቆርቆሮው የሚለየው ነገር አይኖርም፤ ሰው ለማውጣት በሩን የሚቆርጠው የእሳት አደጋ ሠራተኛም የሚቆርጠውን አያውቅም። በቁጥሩ ትክክለኛው ፊውዝ ይታዘዝ፣ ባትሪው ከቦዲው ጋር አለመገናኘቱ ይለካ፣ ከዚያ የተመዘገበው የግጭት ኮድ ይጽዳ አልኩት። መኪናዋ ግቢው ጥግ ላይ ቆማለች። ባለቤቷ እየደወለ «ለአንዲት ፊውዝ?» ይለኛል።