የማይቋረጥ ምጽዋት

ሰው ለወገኑ ከሚያደርገው በጎ ነገር የሚታየው ይመሰገናል፤ የማይታየው ይረሳል። ለተዝካር በግ ጎትቶ የመጣ ሰው ስሙ በአገር ይነሣል፤ ለአንድ ሽማግሌ የወር ክኒን የሚገዛውን ግን የሚያውቀው የለም። ከሁለቱ የደከመ ልብ የሚያቆመው የትኛው እንደ ሆነ ለመረዳት እኛ ብዙ ጊዜና ብዙ ጸጸት ፈጅቶብናል። ይህንኑ ለአንባቢዎቻችን ብንነግር ሌላው ሰው ከእኛ ስሕተት ይማር ይሆናል ብለን እናስባለን።

የተወለድነው በእስቴ፥ የጉና ተራራ ከሚታይበት መንደር ነው። በዚያ አገር፥ እንዲሁም በጋይንትና በስማዳ፥ ሰው ሲታመም ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ይሸከመዋል። ሁሉም ተራውን ጠብቆ ትከሻውን ይሰጣል፤ ገደሉን ወርዶ፥ ወንዙን ተሻግሮ፥ በሽተኛውን ከመኪና መንገድ ያደርሳል። ዋጋ አይጠይቅም፤ ነገ በእርሱ ላይ እንደሚደርስ ያውቃልና።

አባታችን የታመሙት ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በክረምት መውጫ ነበር። ሌሊት ጋደም ሲሉ ትንፋሽ እያጠራቸው ተደግፈው ቁጭ ብለው ያነጉ ጀመር፤ እግራቸውም አብጦ ጫማ አልገባ አለ። እኛ በከተማ ሥራ ላይ ነበርንና ወሬውን የሰማነው በቃሬዛና በመኪና ደብረ ታቦር ከደረሱ በኋላ ነው። ሐኪሙም ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ የቆየ የደም ግፊት ልባቸውን እንዳደከመው አስረዳን። ግፊት የበዛበት ልብ ዳገት እንደሚያርስ በሬ ነው፤ ጡንቻው በመጀመሪያ ይደነድናል፥ በመጨረሻ ግን ይዝላል። ያን ጊዜ ደሙን በወጉ መግፋት ስለሚያቅተው ውሃው በሳንባና በእግር ይጠራቀማል። መድኃኒቱ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣና ግፊቱን የሚቀንስ ክኒን ነው፤ ነገር ግን የሚዋጠው ዕድሜ ልክ ነው።

እኛም በዚያን ቀን ኪሳችንን አራግፈን ከፈልን። የሦስት ወር መድኃኒት ገዛን፤ ለተሸካሚዎቹም ምሳና ጠላ አቀረብን፤ ተመረቅን። ግዴታችንን የፈጸምን መስሎን ወደ መሥሪያ ቤታችን ተመለስን። ሦስቱ ወር አልፎ አራተኛው ሲገባ ግን ስለ ክኒኑ አልጠየቅንም። አባታችንም «ልጆቼን አላስቸግርም፤ ደግሞም ተሽሎኛል» ብለው ዝም አሉ። በአምስተኛው ወር ያው ቃሬዛ እንደ ገና ተነሣ።

ደንግጠን ስንደርስ ከተሸካሚዎቹ አንድ ሽበታም ሽማግሌ ወደ ዳር ወሰዱንና፥ «ልጄ፥ እኛ የምናነሣው የወደቀውን ነው። አንተ ግን አባትህ እንዳይወድቁ መደገፍ ትችል ነበር» አሉን። መልስ አልነበረንም። አባታችን በሕክምና ተነሡ፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ እርፍ ጨብጠው አያውቁም።

በአገራችን ለልብ ሕሙማን የተደረገው ልግስና ትንሽ አይደለም። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1981 ዓ.ም. ያቋቋሙት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር ለብዙ ዓመታት ሕፃናትን ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ሲልክ ቆይቶ፥ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ለመክፈት በቃ። ለዚህም ባለጸጋው በብዙ፥ ተማሪውና ሠራተኛው በአንድ በአንድ ብር ረድተዋል፤ ቼይን ኦፍ ሆፕን የመሰሉ የውጭ አገር ማኅበራትም ሐኪሞች ልከዋል።

ለሕፃን መራራት ደግ ነው። ስለ ሽማግሌ ሲነገር ግን «ዕድሜውን ጠግቧል» የሚል ይበዛል። የተጣላን የሚያስታርቅ፥ የድንበር ምልክት የሚያውቅ፥ እናት ገበያ ስትሄድ የልጅ ልጅ የሚጠብቅ ማን እንደ ሆነ ግን የሚያስብ የለም። ደግሞም የሽማግሌው ልብ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ሳይሆን፥ ሳይቋረጥ የሚደርስ ጥቂት ነገር ነው።

በ2003 ዓ.ም. ፎገራን ጨምሮ በጥቂት ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ ጤና መድን ብዙ ሸክም አቅልሏል፤ ባላገሩ በየዓመቱ ያዋጣል፥ ለድኻ ድኻው መንግሥት ይከፍልለታል። ነገር ግን ከስማዳ ቆላ ተነሥቶ ለምርመራ የሚመጣ ሽማግሌ የመኪና ዋጋ ያስፈልገዋል፤ መድኃኒቱም ከሐኪም ቤቱ ሲታጣ ከውጭ መግዛት ግድ ይሆንበታል። የወዳጅ እጅ መዘርጋት ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ከነፋስ መውጫ፥ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ የመጣን ጥቂት ጓደኞች ደመወዝ በተቀበልን ቁጥር ጥቂት ብር ማዋጣት ጀመርን። አንድ ደብተር አለን፤ በእርሱም የሽማግሌው ወይም የአሮጊቷ ስምና ክኒኑ የሚያልቅበት ቀን ተጽፏል። ቀኑ ከመድረሱ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ከእኛ አንዱ ስልክ ይደውላል፤ «ተሽሎኛል» የሚለውንም መልስ እንደ ድሮው አንቀበልም። በደብተሩ መጀመሪያ የተጻፈው የአባታችን ስም ነው። ዛሬ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ የልጅ ልጆቻቸውን ፊደል ያስቆጥራሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ወላጅ በአገር ቤት ያለህ አንባቢ ሆይ፥ ለተዝካር የምታስበውን ገንዘብ ዛሬ በየወሩ ከፋፍለህ ብትሰጠው ተዝካሩ ራሱ ይዘገያል።